አባዬ ስንት ሰዓት ይርቃል?

የሶስና አባት ማሽን ሊጠግን ሩቅ አገር ሄዷል። ባሕር አጠገብ ወዳለች ከተማ፣ ወደ ዳሬሰላም።

ዛሬ ይመጣል። ሶስና የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን ለአባዬ ራሷ መክፈት።

ትናንት በስልክ ጠይቃው ነበር። «አባዬ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ስንት ነው?»

«ሦስት ሰዓት ነው፣ የኔ ቆንጆ» አላት።

ስለዚህ ሶስና ጠዋት ተነሳች። ፊቷን ታጠበች። በርጩማዋን በሩ ሥር አድርጋ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ሦስት ሰዓት።»

ኳ! ኳ! ኳ!

ብድግ አለች። ከፈተች። አባዬ አይደለም።

ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው። «ወንፊታችሁን ልመልስ ብዬ ነው» አሉ።

ኳ! ኳ! ኳ!

ብድግ አለች። ከፈተች። አባዬ አይደለም።

ወንድሟ ዮናታን ነው፣ ዳቦ ይዞ። «ምነው ፊትሽን አጠቆርሽብኝ? ዳቦው ምን አደረገሽ?»

ከዚያ በኋላ ማንም አላንኳኳም። የሶስና እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«አባዬ ሦስት ሰዓት ነው ብሎኝ ነበር። ቀረ።»

እማዬ እቅፍ አደረገቻት። «አልቀረም። መንገዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ማለቱ እኮ ነው። አውሮፕላኑ ገና አሁን ሊነሳ ነው።»

«ሦስት ሰዓት ብዙ ነው?»

«ደብረ ብርሃን አያትሽ ጋ በመኪና ስንሄድ የሚፈጅብንን ያህል ነው።»

«እንግዲያው ዳሬሰላም ቅርብ ነዋ።»

ዮናታን ከት ብሎ ሳቀ። «አውሮፕላን እንደ ሚኒባስ ወራጅ አለ እየተባለ አይቆምም። አንቺ ደብረ ብርሃን ስትደርሺ፣ እሱ ኬንያን በሙሉ አልፏል።»

ከዚያም አንድ ጫማውን አውልቆ ጓዳው በር ላይ አስቀመጠ። «ይቺ ዳሬሰላም ናት። ሶፋው ኬንያ ነው። የውጭው በር አዲስ አበባ። በይ ብረሪ።»

ሶስና እጆቿን ዘረጋች። ዡውውው!

ከዳሬሰላም ተነሳች። በኬንያ ላይ አለፈች። አዲስ አበባ ደረሰች።

«አባዬ መጣ?»

«ገና ነው» አለች እማዬ።

ዡውውው! ከዳሬሰላም ተነሳች። በኬንያ ላይ አለፈች። አዲስ አበባ ደረሰች።

«አባዬ መጣ?»

«ገና ነው። ነይ ምሳ ብዪ። አብራሪም ይበላል።»

ሶስና ምሳዋን በላች። ከዚያም እንደገና ተነሳች። ዡውውው!

ሶፋው ላይ ወጥታ፣ ልክ ኬንያ መሃል ስትደርስ፣

ኳ! ኳ! ኳ!

ለበሩ ቅርብ የነበረው ዮናታን ነው። እጁን መቀርቀሪያው ላይ አደረገ።

«አትክፈት» አለች ሶስና። «አውሮፕላኗ ገና አላረፈችም።»

«ቤቶች፣ ሰው የለም እንዴ?» አለ ከውጭ የሚያውቁት ድምፅ።

«አባዬ፣ ጠብቀኝ። ኬንያ ላይ ነኝ።»



«እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለ ድምፁ። «ቀስ ብለሽ ነይ።»

ዮናታን እጁን ከመቀርቀሪያው አነሳ። ወደ ጎንም ፈቀቅ አለ።

ዡውውው! ሶስና ከሶፋው ወረደች። ምንጣፉን አቋረጠች። በሩ ጋ ደረሰች።

ከፈተች። አባዬ ነው።

ሻንጣውን ለቀቀና ብድግ አደረጋት። ጢሙ ትንሽ ይወጋል።

«ደከመሽ?» አላት።

«በጣም ሩቅ ነው» አለች ሶስና፣ አንገቱን ጥብቅ አድርጋ ይዛ።

ያቺ አውሮፕላን እስኪመሽ ድረስ ከአባዬ ትከሻ አልወረደችም።