የተንጋደደው ፍሬም

ክብ እንዲቆርጥ የታዘዘው ማሽን አሁንም የእንቁላል ቅርጽ ቆርጦ አወጣ። ዝማሬ ጣውላውን አንስታ ለናሁሰናይ አሳየችው። እሱ ዞር ብሎም አላየ።

ማሽኑን የሠሩት ሁለቱ ናቸው፤ ከኮምፒውተር በሚመጣ ትእዛዝ እንጨት የሚቀርጽ ሲኤንሲ፣ አርብ በትምህርት ቤታቸው ኤግዚቢሽን ላይ የሚቀርብ። ሞተሮቹንና ሽቦውን የገጠመችው እሷ ናት። ፍሬሙን ደግሞ እዚሁ ካስተም ገበያ ባለው የአባቷ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ ከቱቦላሬ ብረት የበየደው እሱ ነው። ማሽኑ ትምህርት ቤት ተወስዶ መጀመሪያ የተሳሳተ ቀን ቲቸር ሱሌይማን ምን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ናሁሰናይ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ዝማሬ ከባለ ሦስት እግሩ ራክሻ ላይ ስታወርደው ጣለችው አላቸው። አልጣለችውም። ቲቸር ግን ያመኑት እሱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአገሬው ልጆች ጋር የሚማሩት የክፍላቸው ሐበሾች ሁሉ «ጣይቱ» እያሉ ይስቁባታል።

ሜትር ዘርግታ ፍሬሙን ከጥግ እስከ ጥግ ለካችው፤ ቀጥላም በሌላው አቅጣጫ። እኩል መሆን ሲገባቸው አንደኛው በጣት ያህል በለጠ። ቀለሙ የትም አልተላጠም፤ ብረቱም አልተሰረጎደም። የተንጋደደው ገና ሲበየድ ነው።

«ማዕዘን ማስተካከያ ስኳድራ አልያዝክበትም» አለችው።

«አትፎግሪኝ።»

«እንግዲያው ለካው።» ሜትሩን ወረወረችለት።

አልለካም። ሜትሩን እግሩ ሥር እንደወደቀ ተወው። ያኔ ገባት።

«ታውቅ ነበር አይደል?»

«ባውቅስ? ምን ታመጪያለሽ?»

ዝማሬ መፍቻ አንስታ ሞተሮቿን አንድ በአንድ ትፈታ ጀመር። ይዛቸው ብትሄድ አርብ ዕለት ባዶ ብረት ታቅፎ ይቆማል፤ ይህን ስታስብ ደስ አላት። የመጨረሻው ሲወጣ ናሁሰናይ በገዛ አባቷ ቤት በሩን በአገጩ አሳያት።

«ካላስ፣ በቃ፣ ሂጂ።»

ሞተሮቹን ካርቶን ውስጥ ከታ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ቆማ ፍሬሙን አየችው። ክረምቱን ሙሉ የለፋችው አንድ ክብ ለማየት ነበር። ካርቶኑን ከግድግዳው ሥር አስቀመጠችና ተመልሳ የአባቷን ብረት መቁረጫ ግራይንደር አነሳች። አባቷ በር ሊገጥሙ ሎሎጎ ሰፈር ሄደዋል፤ አቆራረጡን ግን ራሳቸው አስተምረዋታል። የፍሬሙን አንድ ጫፍ ሞርሳው ላይ አጥብቃ አሰረች። ሌላው ጫፍ ያዥ ሰው ይፈልጋል።

«ብየዳዬን ልትቆርጪው?» አለ ናሁሰናይ።

«አዎ። እንደገና በስኳድራ ይበየዳል። አርብ ቲቸር ሲጠይቁኝ ግን እንዳልወደቀ እነግራቸዋለሁ። ማን እንደበየደው ያውቃሉ።»

በጥርሱ መሃል ሰደባት። መነጽሯን አጥልቃ፣ ጣቷን ከማብሪያው አርቃ ጠበቀች።

ናሁሰናይ ከጠረጴዛው ላይ ጓንትና መነጽር አነሳ። ፊቱን ሳያዞርላት መጣና ብረቱን በሁለት እጁ ያዘው።

ግራይንደሩን አስነሳችው። ፍንጣሪው ጫማው ላይ ሲዘንብ ብረቱን አልለቀቀም።