የግራዋው ጥንዚዛ

የጉግሳ ሬሳ ኮንጋ ቀበሌ ውስጥ ከገዛ ቡናው መሀል፣ ለጥላ ከተተወ የብርብራ ዛፍ ሥር በሆዱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ ወፍራም ደረቅ ቅርንጫፍ ተጭኖበታል። ፖሊሶቹ ጠርጥረው፣ በድንበር የተጣላውን ጎረቤቱን እንድርያስን በካቴና አሥረውታል።

«ከላይ ወድቆበት ነው» አለ የሟች ወንድም ደበበ። ዓይኑ ደርቋል።

ከዲላ የመጣችው ኢንስፔክተር ኤልቤቴል ወደ ዛፉ ቀና አለች። «እትዬ መነን፣ እዚህ ዛፍ ላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ነበረ?»

«ምን ሲደረግ» አለች የሟች ሚስት፣ የሌላ ሰው ነገር እንደምታወራ። «ቡናው እንዳይሰበርበት ደረቁን ሁሉ አውርዶ ጨርሷል። የለቀምኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሰው ነው ያመጣው።»

እንድርያስ ካቴናውን አየ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልታስፈቺኝ መጣሽ ወይስ ልታጠብቂብኝ? ወደቀበት ቢባል ይሻለኝ ነበር።»

«አትቸኩል» አለችውና ቅርንጫፉን አስነሳች። የቅርንጫፉ ሆድ በቀዳዳ ተበሳስቷል። የሟቹ ኮሌታ ላይ አንድ ጥንዚዛ ተጨፍልቆ ደም አጣብቆታል። ቀንዱ ከገላው ይረዝማል። እግሩ ላይ የግራዋ አበባ ክር ተጠምጥሟል።

ሄዳ የእንድርያስንና የደበበን ግቢ አየች። የእንድርያስ ዙሪያው እንሰት ብቻ ነው። የደበበ አጥር ጥግ ግን ግራዋ ነጭ አብቦ ቆሟል፤ ሥሩ ማገዶ ተከምሯል። አበባው ላይ እንደዚያው ያሉ ጥንዚዛዎች ፀሐይ ይሞቃሉ። ደበበን፣ መነንንና እንድርያስን እዚያው አስጠራቻቸው።

«ይሄ ጥንዚዛ ትል ሳለ የሞተ እንጨት በልቶ ነው የሚያድገው፤ ቀዳዳው የእሱ ነው። ክንፍ ሲያወጣ አበባ ላይ ይውላል። እንቁላል ለመጣል ደግሞ ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። ጉግሳ ሲመታ ጥንዚዛው ከአበባው ወርዶ ቅርንጫፉ ላይ አርፎ ነበር። ቡናው መሀል ግራዋ የለም። እንድርያስም ጋ የለም። ግራዋና ደረቅ እንጨት ጎን ለጎን ያሉት እዚህ ነው። እዚህ ተመታ፤ ከነቅርንጫፉ ወደዚያ ተወሰደ።»

ደበበ አልካደም። «መጥረቢያውን ተውሼው ነበር፣ ሊወስድ መጣ። ግራዋውን ልቆርጥ ስል ደረሰ። ‹አበባ ይዟል፣ አትቁረጠው› ብሎ ቀማኝ። ዕድሜ ልኬን እንደ ልጅ ሲያዘኝ ነው የኖረው። ዞር ሲል ከማገዶው ቅርንጫፍ አንስቼ መታሁት።»

«ከዚያስ ለምን አልቆረጥከውም? ብትቆርጠው አላገኝህም ነበር።»

ደበበ ግራዋውን አየው።

«አትቁረጠው ብሎኝ ሞተ። እንዴት አድርጌ ልቁረጠው?»

ካቴናው ከእንድርያስ እጅ ወደ እሱ ዞረ። መነን አላለቀሰችም። ከአጥሩ ሥር ጎንበስ አለች።

«መጥረቢያችን እዚህ ነበር ለካ» ብላ ይዛው ሄደች።