ዜሮ ላይ የቆመው ቴርሞሜትር

የመርሳው የከብት ክትባት ነጋዴ እስራኤል፣ ከመጋዘኑ ደረጃ ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ዘሀራ ነበረች፤ ፖሊስ የያዘውም እሷኑ ነው። እሷን ግን ከካቴናው ይልቅ ያንገበገባት ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት መግባት ሲገባት፣ ልጇን ትኩሳት ይዟት እስከዚያ ዘግይታለች። ራሷን እየወቀሰች አንገቷን ደፋች፤ ፖሊስ ደግሞ አንገቱን የደፋ ሰው ሲያይ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል።

ከወልድያ የመጣችው ኢንስፔክተር ንግሥት፣ ዘሀራን፣ የሟቹን ሚስት ማህሌትንና ሸሪኩን ሚኪያስን ክዳኑ በተከፈተው፣ በረዶና ቴርሞሜትር ባለበት የክትባት ማጓጓዣ ሣጥን ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ሚኪያስ፣ መቼ ተለያያችሁ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ደህና ነበር። እኔ ወልድያ ዋልኩ፤ ምስክር አለኝ። ቴርሞሜትሩን ይዩት፣ ዜሮ ነው። በረዶው ከፍሪጅ ከወጣ ገና ብዙም አልቆየም። ስለዚህ የሞተው ስምንት ሰዓት ግድም ነው።»

ስምንት ሰዓት ላይ እዚያ የነበረችው ዘሀራ ብቻ ናት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ንግሥት ከሣጥኑ አንዱን አይስ ፓክ፣ በረዶ የሚሞላውን ፕላስቲክ፣ አንስታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ውስጡ ያለው ውሃ ተንቦጫቦጨ።

«ወይዘሮ ማህሌት፣ ባለቤትዎ እንዲህ ያደርግ ነበር?»

«ሁሌም! ክትባቱ በረዶ እንዳይሆንበት፣ የውሃ ድምፅ ሲሰማ ነበር የክትባት ጠርሙሶቹን ሣጥኑ ውስጥ የሚከተው።»

«ጠርሙሶቹ ግን እስካሁን ፍሪጅ ውስጥ ናቸው። በረዶውን አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞቷል ማለት ነው። ይኸው፣ አሁን የቀረው ስስ በረዶ ብቻ ነው። ከወጣ በትንሹ አምስት ሰዓት ሆኖታል።»

«ዜሮውስ?» አለ ሚኪያስ።

«በረዶው እስኪያልቅ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። የገባው ሙቀት በረዶውን በማቅለጥ ያልቃል። ሳይንሱ ‹ስውር ሙቀት› ይለዋል። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ስሙን ‹መደበቅ› ከሚል የላቲን ቃል ያወጡለት፣ ቴርሞሜትር ስለማያየው ነው። እርስዎ ቴርሞሜትሩን ብቻ አዩ፤ እስራኤል ግን ያዳምጥ ነበር። የሞተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ አብረውት የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ሚኪያስ ደረጃው ላይ ዘፍ አለ። «የተበላሸ ክትባት ሸጬ የሀብሩ ወረዳ ገበሬዎች ከብት አለቀ። እስራኤል ‹ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ› አለኝ፤ ገፋሁት። ይሞታል አላልኩም።»

«የሌባ ዓይነ ደረቅ!» ብላ ማህሌት ጮኸች። «ዘሀራንስ ለምን ወነጀልካት?»



ፖሊሱ የዘሀራን ካቴና ፈታ። «ነፃ ነሽ፣ ወደ ልጅሽ ሂጂ» አለቻት ንግሥት።

ዘሀራ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሦስት ሰዓት ከሆነማ፣ ወላሂ፣ በሰዓቴ ብገባ እደርስለት ነበር» አለችና ከማህሌት እግር ላይ ወደቀች።