የአሰቡ አሣ

አብዱልወሀብ ደሴ ከተማ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ፣ በገዛ ሚዛኑ ድንጋይ ጭንቅላቱን ተመቶ ዓርብ ጥዋት ሞቶ ተገኘ። መርማሪው መቶ አለቃ ኑርሁሴን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው የሟች ቤት ሲደርስ «ግባ» ያለው ሰው እንኳ የለም። የቀበሌ ጥበቃዎች የሟችን ሚስት ዘሀራን ሊወስዱ በር ላይ ቆመዋል። በዚያ የደርግ ዘመን ደግሞ ተይዞ የሄደ ሰው መመለሱን አላህ ይወቅ!

«እሷ ናት!» አሉ የሟች እናት እማ ሐዋ። «ትናንት ማታ ራት ይዛለት የሄደች እሷ፣ ስትጨቃጨቀው የተሰማች እሷ። ምን ትጠብቃለህ?»

«ወላሂ በሕይወት ትቼው ነው የመጣሁት» አለች ዘሀራ። «ወንድሙ ጀላል ሱቁን ሽጠን የመን እንሻገር እያለ ወጥሮ ይዞታል። ባሌ መሸጥ አይፈልግም። እንግዲያው ቁርጡን ንገረው ብዬ ነው የጮህኩበት።»

«ምላስሽ ይቆረጥ! በጀላሌ ልታላክኪ? ልጄ በረሃ ሲያቋርጥ አድሮ ዛሬ ጥዋት ነው የገባ!»

ጀላል አሰብ የሚነግድ ታናሽ ወንድም ነው። «ትናንት ጎህ ሲቀድ ከወደቡ አሣ ገዝቼ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ፤ ዛሬ ጥዋት ኮምቦልቻ ወርጄ እዚህ ገባሁ። ሌላስ፣ ጓድ?» አለ። «ጓድ»ን እንደ ስድብ ወረወራት።

ኑርሁሴን ስድብ ለምዷል። ወደ እናቲቱ ዞሮ «አሣው እንዴት ነበር፣ እማ ሐዋ?» አላቸው።

የቤቱ ሰው አፈጠጠበት። ሬሳ ሳይቀበር ስለ አሣ! ለመሆኑ ይህ ሰው ጤነኛ ነው?

«ማሻአላህ ነው!» አሉ እማ ሐዋ፣ ዘሀራን በጎሪጥ እያዩ። «ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ። ዘንቢሉ እንኳ ደረቅ ነው፣ ጠብታ አልነካውም። ልጄ እንደ አንዳንዶቹ ዝርክርክ አይደለም።»

ኑርሁሴን ጥበቃዎቹን ጠርቶ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ።

«ከአሰብ ኮምቦልቻ በጭነት መኪና ቀንና ሌሊት ነው፤ ያውም በአፋር ሐሩር። ሚሌ ሳይደርስ መሽተት የነበረበት አሣ እንዴት ዓይኑ ጠርቶ ደሴ ገባ?»

«በበረዶ አድርጌው ነዋ!» አለ ጀላል ፈጠን ብሎ።

«በረዶው ቀልጦ ዘንቢሉን ያበሰብሰው ነበር። እናትህ ደረቅ ነው አሉ። ይህ አሣ በረሃ አላየም። በአውሮፕላን ግን ከአሰብ ኮምቦልቻ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ የዛሬው አውሮፕላን ገና ስላልገባ ትናንት ቀን ደርሶ በደሴ ብርድ አድሯል። አሣው ካንተ እጅ አልወጣም። ታዲያ አንተስ ትናንት ማታ የት ነበርክ? የገባህበትን ቀንስ ለምን ደበቅህ?»

«አልሸጥም አለኛ!» ጀላል ጮኸ። «እዚሁ እስኪጨርሱን እንጠብቅ አለኝ! ድንጋዩ እጄ ላይ…» ያለው ለራሱም ተሰማውና ወደ በሩ ተራመደ።

ጥበቃዎቹ ዘሀራን ትተው እሱን ያዙ።

«አሣ ብለህ አታለልከኝ!» እማ ሐዋ ኑርሁሴን ላይ ተንዘረዘሩ። «አንዱን በሞት አጣሁ፣ አንዱን በገዛ አፌ ሰጠሁ። አላህ ይፍረድብህ!» ከዚያ ወደ ምራታቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ዘሀራ፣ ልጄ… ደግፊኝ።»

«ልጅዎ የሆንኩት ዛሬ ነው?» አለች ዘሀራ።

ነጠላዋን አንስታ፣ ከበሩ የተነሱትን ጥበቃዎች አልፋ፣ ባሏ ወደሚገነዝበት ቤት ሄደች። የእማ ሐዋ እጅ ግን እንደተዘረጋ ቀረ።