የማይሳሳተው ጸሐፊ

መርማሪዋ እጇን እስከ ክርኗ ድረስ የድንቢጥ ቦርሳ ውስጥ ከትታ ስትፈልግ የክፍሉ በር ተከፈተ። የገባችው ድንቢጥ ራሷ ነበረች።

«ምን እየፈለግሽ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ለማግኘት ነው ቦርሳዬን ያራገፍሽው?»

ዴስኩ ላይ የድንቢጥ ንብረት ተዘርግቷል። ሁለት እስክሪብቶ፣ ማበጠሪያ፣ ጫፉ የተነከሰ እርሳስ፣ የተጨማደደ ሹራብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ አንዲት የሕፃን ካልሲ። የሒሳብ ደብተር ግን የለም። የመርማሪዋ የሒሳብ ደብተር ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። ፈተናው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«መርማሪዋ» ብላ ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ብስኩት ቢጎድል ቤተሰቡን በሙሉ ግድግዳ ሥር አሰልፋ እጅ እጃቸውን አሽትታለች። ከዚያ ወዲህ በስሟ የጠራት የለም፤ እሷም ስሙን አልጠላችውም። እንዲያውም የሒሳብ ደብተሯ ሽፋን ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ በትልቁ ጽፋ ነበር። የጠፋው እንግዲህ ያው ደብተር ነው። ምን ይባላል!

«እኔ የወሰድኩት መስሎሽ ነው?» አለች ድንቢጥ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰሞኑን ሁኔታሽ አላማረኝም። ስልክ ይዘሽ ጥግ ጥግ ትይዣለሽ፤ ደውሉ ሲደወል ማንንም ሳትጠብቂ ትፈተለኪያለሽ። ስጠይቅሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ።»

«እና ይኼ ሌባ ያደርገኛል?»

«ደግሞ...» መርማሪዋ ይህንን ለማለት አላሰበችም ነበር፤ አመለጣት። «ደግሞ ኮከብሽ ደለዊ ነው።»

«አትፎግሪኝ» አለች ድንቢጥ።

«የአክስቴን የከዋክብት መጽሐፍ አብረን አይደል ያነበብነው? 'ኮከቡ ደለዊ የሆነ ሰው ቃሉ ጣፋጭ፣ ወዳጁ ብዙ ነው። ፊት ለፊት ገራም ነው፤ ዘወር ስትል ግን ያንተኑ ይወስዳል።' ያኔ አንቺ ሳቅሽ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።»

ድንቢጥ ዕቃዋን አንድ በአንድ እያነሳች ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ካልሲዋን መጨረሻ ላይ ከተተቻት። ዚፑን ዘጋችና፣ «ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን እኔን የምታውቂኝ ከመጽሐፍ ነው ማለት ነው» አለች። ከዚያ ሄዳ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ድንቢጥ ወሬ አያልቅባትም፤ ለዚህ ነው ድንቢጥ የተባለችው። በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ድረስ ድምፅዋ አልተሰማም። መርማሪዋ ይህንንም ጠረጠረችው። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር ብላ አሰበች።

መጽሐፉ የአክስቷ ሥራ ነው። አክስቷ የእናቷ ታናሽ ስትሆን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ያለፉትን ሰባት ወራት አንድ በብራና የተጻፈ ጥንታዊ የከዋክብት መጽሐፍ ዛሬ ሰው ወደሚናገረው ቋንቋ ስትመልስ ነው የከረመችው። ዝናብ መቼ እንደሚመጣ፣ ዘር መቼ እንደሚዘራ፣ በየትኛው ኮከብ የተወለደ ሰው ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ይናገራል።

«ታምኚበታለሽ?» ብላ ጠይቃት ነበር አንድ ቀን።

«እኔ የማምነው መጥፋት እንደሌለበት ብቻ ነው» አለቻት አክስቷ። «ድሮ ሰው ሰማይ አይቶ ምን እንዳሰበ ልጆች አንብበው ይሳቁ፣ ይደነቁ፣ የፈለጉትን ይሁኑ። ግን ያነበቡት እሱ ያለውን መሆን አለበት፤ እንደ ወረደ።»

«እንደ ወረደ» የዚያች ክፍል ሕግ ነበር። የብራናው ባለቤት አዛውንት መጽሐፍ ጠራዥ ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸው ከቤት እንዲወጣ አልፈቀዱም። ስለዚህ መርማሪዋ ሁለት ቀን ሙሉ እሳቸው ቤት ተቀምጣ መቶ ሰማንያ አራቱንም ገጽ በስልኳ አነሳች። አክስቷ ስትልካት፣ «አንድ ነጠብጣብ እንኳ እንዳትነኪ» ብላት ነበር።

ችግሩ ፎቶዎቹ አስጠሊታ ነበሩ። ገጹ ሁሉ የሰም ጠብታ፣ የሻጋታ እድፍ፣ የዝንብ ኩስ ነው። ስልኳ ላይ ደግሞ «ነጠብጣብ አጽዳ» የሚል ቁልፍ ነበር። አንዴ ነካችው። ገጾቹ በሙሉ ገና ከሱቅ እንደወጣ ሸሚዝ ነጡ። የቆሸሹትንም ፎቶዎች ስልኳ ላይ ቦታ እንዳይዙባት አጠፋቻቸው።

አክስቷ ስታያቸው በደስታ ልትሞት ደረሰች። «እጅሽ ይባረክ! እንዴት ጥርት አድርገሽ ነው ያነሳሽው!» አለች። እንግዲህ ከዚህ ምርቃት በኋላ ማን ደፍሮ እውነቱን ይናገራል? መርማሪዋ ዝም አለች። ዝምታው ሰባት ወር ሆነው።

በእነዚያ ሰባት ወራት አክስቷ አንድ ነገር ደጋግማ ትናገር ነበር። «ይኼ ጸሐፊ ግን ሰው ነው? መቶ ሰማንያ አራት ገጽ ጽፎ አንድ ቦታ አልተሳሳተም እኮ!» በመጨረሻም መቅድሙ ላይ «እጁ የማይሳሳት» ብላ ጻፈችለት።

በዚያ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያች ክፍል ሄደች። መጽሐፉ በማግስቱ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። አዛውንቱ ጠራዥ ከመታተሙ በፊት ገጾቹ መሟላታቸውን ልይ ብለው ብራናውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። አክስቷ ደረጃው ላይ ቆማ ከማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ጋር በስልክ ትነጋገራለች።

«ደህና ዋሉ አባባ።»

«ደህና ዋልሽ ልጄ። ምነው ፊትሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። አባባ፣ የደለዊን ገጽ ያሳዩኛል?»

ማስረጃዋን በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነበር። ድንቢጥ «ከመጽሐፍ ነው» ስትል የነበራት ድምፅ ጆሮዋ ላይ ስለቀረ፣ ያቺ መስመር ዛሬም እዚያው መኖሯን ማረጋገጥ አማራት። አዛውንቱ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ የብራናውን ቅጠሎች በጣታቸው ጫፍ እየገለጡ ደረሱበት።

መስመሯ አለች። ግን ፎቶው ላይ ያልነበረ ነገርም አለ። ከቃላቱ በላይና በታች ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች በረድፍ ተደርድረዋል።

«ይኼ ምንድን ነው? ዝንብ ነው?»

አዛውንቱ ሳቁ። «ዝንብ ተሰልፎ ያውቃል? ጸሐፊው ነው እንጂ። ሲሳሳት ልፋቀው ቢል ብራናው ይሳሳበታል፤ ልሰርዘው ቢል ገጹ ይበላሽበታል። ስለዚህ ከላይና ከታች ነጥብ ያደርግበታል። 'ተሳስቻለሁ፤ ዝለለው' ማለቱ ነው።»

መርማሪዋ ክው አለች።

«ም... ምኑን ነው የተሳሳተው?»

አዛውንቱ አንድ ቅጠል ገለጡ። «ይኸውልሽ፣ ያቺው መስመር እዚህ አለች፤ ነጥብ የለባትም። ቦታዋ እዚህ ነው። ከፊቱ ካለው መጽሐፍ ሲገለብጥ ዓይኑ ዘሎበት ቀድሞ ጻፋት።»

«እና ስለ ማን ነው የምታወራው?»

«ስለ አይጥ። በደለዊ ወር አይጥ ጎተራ እንዴት እንደሚገባ ነው የሚናገረው። 'ፊት ለፊት ገራም ነው፤ ዘወር ስትል ግን ያንተኑ ይወስዳል።' አይጥ እንዲህ አይደለች?»

ስለ አይጥ! የአይጡን ገጽ የተየበችው አክስቷ ነበረች። መስመሯ ሁለት ጊዜ ስትመጣባት «ደራሲው ነገሩን ለማጽናት ደግሞታል» የሚል የግርጌ ማስታወሻ አድርጋለታለች። መርማሪዋ ደግሞ የስምንት ዓመት ጓደኛዋን በአይጥ መስመር ፈርዳባታለች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ቅጠሎቹን መገላበጥ ጀመረች። ስድስተኛው ገጽ ላይ ነጥብ አለ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ጋ የዘር ወቅት ነው፣ ሌላው ጋ «ልጇን የማትወድ እናት» ይላል። አሥራ አንድ ቆጥራ መቁጠሩን ተወች። እጁ የማይሳሳተው ጸሐፊ በየቦታው ተሳስቷል፤ በተሳሳተ ቁጥርም በሐቅ ተናግሯል። የእሱን ሐቅ በአንድ ቁልፍ ያጠፋችው እሷ ናት።

ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው። ያቺን አንድ መስመር ብታጠፋት ማን ያውቃል? አዛውንቱ ብራናቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ አክስቷ መጽሐፏን ታሳትማለች። ብትናገር ግን ማተሚያ ቤቱ ተራቸውን ለሌላ ይሰጣል፤ አክስቷም ሁለተኛ አታምናትም። ግን የሌሎቹስ መስመሮች ነገር? ያቺን «ልጇን የማትወድ እናት» የምትለውን አንድ ልጅ አንብባ እናቷን በጥርጣሬ ብታይስ? መጠርጠር እንዴት ቀላል እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አዛውንቱ ጨርቃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ሳይመሽብኝ ልሂድ።»

አክስቷ በሩን በርግዳ ገባች። «ጨረስን! ነገ ጠዋት ማሽን ላይ ይወጣል!»

«አባባ፣ አይጠቅልሉት» አለች መርማሪዋ። «አክስቴ፣ ጸሐፊው ይሳሳታል።»

«ምን?»

«ይሳሳታል፤ ብዙ ቦታ። የተሳሳተበትን ሁሉ ነጥብ አድርጎ ነግሮን ነበር። ነጥቦቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ፎቶዎቹን አጽድቻቸዋለሁ።»

አክስቷ ብራናው ላይ አጎነበሰች። አንድ ገጽ አየች፣ ሌላ ገጽ አየች። ወንበሩን ሳታይ ተቀመጠችበት። «አንድ ነጠብጣብ እንዳትነኪ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል።»

«ሰባት ወር ሙሉ! መቅድሙ ላይ ሳይቀር አሞግሼው! ሰው ቢስቅብኝ ምን ልል ነበር?»

«አክስቴ፣ ይቅር በዪኝ።»

«አሁን አታናግሪኝ።»

አዛውንቱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ጸሐፊውስ በመሞገሱ ደስ ባለው ነበር» አሉ። ማንም ስላልሳቀ ጨርቁን መልሰው አጣጠፉት። «ብራናው አንድ ሳምንት እዚህ ይዋል። እኔም አብሬው እውላለሁ። አምኛችሁ ነበር፤ ከዛሬ ወዲህ ግን ዓይኔን አልነቅልም።»

አክስቷ ደረጃው ላይ ወጥታ ደወለች። ስትመለስ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ተራችንን ለሌላ ሰጥተውታል። ከሁለት ወር በኋላ ነው የምንገባው።» የመቅድሙን ወረቀት አነሳችና «እጁ የማይሳሳት» የሚለውን በእርሳስ ሰረዘች። «ሁሉንም ከሥር እናመሳክራለን። እኔ ከብራናው አነባለሁ፣ ሁለት ሰው ደግሞ የተተየበውን በጣት ይከተላል። ሁለት ሰው ስል አንቺና ድንቢጥ ናችሁ። ሂጂ ጥሪያት።»

«ላትመጣ ትችላለች።»

«ለምን?»

 አክስቷ ከመነጽሯ በላይ አየቻትና፣ «እንግዲያው ለምነሽ አምጫት» አለች።

የድንቢጥ ቤት ሁለት መታጠፊያ አልፎ ነው። በሩን አንኳኳች። የከፈተችው ድንቢጥ ናት፤ ሕፃን ወንድሟን ታቅፋለች። ልጁ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ካልሲ አድርጓል። «እናቴ የከሰዓት ፈረቃ ገብታለች» አለች ሳትጠየቅ። «ለዚህ ነው የምሮጠው። እንደ መርማሪ ባትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር። ደብተርሽን አገኘሽው?»

«አላገኘሁትም።»

«ታዲያ ቤቴንም ልትፈትሺ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ደብተሩን ማን እንደወሰደው አላውቅም። አንቺ አይደለሽም። ያቺ መስመር ደግሞ ስለ ደለዊ አይደለችም፤ ስለ አይጥ ናት።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አይጥ። ጸሐፊው ተሳስቶ ነው፣ እኔም ተሳስቼ ነው። የእኔ ግን ይብሳል። አክስቴ እንድታመሳክሪልን ትፈልግሻለች... እኔም እፈልግሻለሁ። ባትመጪም እውነትሽን ነው።»

ድንቢጥ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችና በሩን ዘጋችው።

ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። ከዚያ መሳቢያ ተከፈተ። ከዚያ ድንቢጥ በስልክ ለአንድ ሰው በሹክሹክታ መናገር ጀመረች። የመርማሪዋ ጆሮ ቆመ፤ ለበሩ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀራት።

አልተጠጋችም። ደጃፉ ላይ ወዳለው ደረጃ ወርዳ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠችና ጠበቀች።