ቀዩ ጠብታ የሻለቃ ነው

የሞራሌው እንጨት ወንድሟ ቡሩሽ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ምስማር የተባለችው ልጅ የያዘችው ብርጭቆ ወረቀት ከእጇ አመለጠ። አባቷ አንዴ መትቶ የሚተው ሰው አይደለም፤ ደገመው። ቡሩሽ ሰጋቱራው ላይ ተንበረከከና በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ሸፈነ። ጭንቅላትን መሸፈን በዚህ ቤት ማንም የማያስተምረው፣ ሁሉም ግን የሚችለው ሙያ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አባቷ፣ በእንጨቱ ጫፍ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን ነጫጭ ጣውላዎች እያሳየ። ታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ፈዘዝ ያለ ቀይ ነጠብጣብ ተረጭቶባቸዋል። «እዚህ ቤት ቀለም የሚቀባው ማነው? እኔ ነኝ?»

«አላፈሰስኩም አባዬ። ጣሳውን ከድኜው ነው የወጣሁት።»

«ታዲያ ጣውላው ራሱ ደማ?»

ሦስተኛው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ምስማር ልትናገር አፏን ከፈተች። ከጣውላዎቹ ኋላ ሰንሰለት ሲንቀጫቀጭ ሰማችና መልሳ ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ የእንጨት ሥራ ቤት ማንም በስሙ አይጠራም። እሷ ከሲታ ስለሆነች ምስማር ተባለች፤ ሦስት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ቀለምና ቫርኒሽ የመቀባቱ ሥራ የእሱ ስለሆነ ቡሩሽ ተባለ። ውሻው ደግሞ ሻለቃ ነው፤ በደህናው ዘመን ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ የወጣለት ስም ነው። ቤታቸው ከሥራ ቤቱ ጀርባ ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩበት አባት፣ ሁለት ልጆችና አንድ ያረጀ ውሻ ናቸው።

ቀዩ ነጠብጣብ የቡሩሽ ቀለም አልነበረም። የሻለቃ ደም ነው። ይህን የምታውቀው ደግሞ ምስማር ብቻ ነበረች።

ያወቀችው አንድ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ሻለቃን ከሰንሰለቱ ልትፈታ ስትገባ ነው። እንደ ወትሮው ተነስቶ አልጠበቃትም። ከጣውላዎቹ ኋላ ሄዳ ብታይ ወገቡን አጉብጦ፣ የኋላ እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ያምጣል። ብዙ ቆይቶ ጠብ ያለው ሽንት ቀይ ነበር። ሲያያት ጆሮውን አጣጥፎ መሬት ላይ ልጥፍ አለ። እንደምትመታው እርግጠኛ ነበር።

ቢፈራም አይፈረድበትም። ቡችላ ሳለ ውስጥ በሸና ቁጥር አባቷ አፍንጫውን ሰጋቱራው ላይ እያሸ፣ በዱላ ነው ያስለመደው። ትምህርቱ በደንብ ገብቶት ዕድሜውን ሙሉ በሩ እስኪከፈት ሽንቱን ይዞ ያድር ነበር። አሁን መያዝ ሲያቅተው የታየው ዘዴ መደበቅ ነው፤ ለመደበቅ ደግሞ ከቆሙት ጣውላዎች ኋላ የተሻለ ቦታ የለም። ሥራ ቤቱ ሁሌም ቫርኒሽ ቫርኒሽ ስለሚሸት ሽንቱ አይለይም። እንጨት የሚሠራ ሰው ጣውላ ላይ ቀይ ነገር ሲያይ የሚመጣለት ቀለም ነው፤ ደም ብሎ የሚያስብ የለም።

ትምህርት ቤቷ አጠገብ የእንስሳት ክሊኒክ አለ። ቅዳሜ ዕለት ላናፍሰው ብላ ይዛው ወጣችና ወደዚያ ወሰደችው። ሐኪሟ ፈጣንና ቀልደኛ ሴት ነበረች። ሻለቃን ግቢው ውስጥ ስታዞረው ቆይታ፣ ሊሸና ጎንበስ ሲል ከሥሩ ጭልፋ ሰደደች። ምስማር ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ግን አልቆየም። ሐኪሟ ሽንቱን መረመረች፣ ሆዱን በአልትራሳውንድ አየች፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ አንድ ያበጠ ጥላ አሳይታት ሳትሸፋፍን ነገረቻት። የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው። ያለው የፊኛው አንገት ላይ ስለሆነ ተቆርጦ አይወጣም። ክኒን ያስታግስለታል፣ ምናልባት ጥቂት ወራት ይጨምርለታል፤ አያድነውም። እያማጠ ሽንቱ ጨርሶ አልወጣ ያለው ቀን ግን ሳታሳድሪ አምጪው አለቻት። ቤት ትናገሪያለሽ አይደል ብላ ስትጠይቃት ምስማር «አዎ» አለች።

አልተናገረችም። አምና ሌላም ውሻ ነበራቸው። ደንበኛ ነከሰና አባቷ ፌሮ ብረት አንስቶ ደጃፍ ላይ ቀጥቅጦ ገደለው። ሬሳውን ጎትቶ እንዲጥል ያዘዘው ቡሩሽን ነው፤ ለማይሠራ ውሻ እህል የለኝም ያለውም ያኔ ነው። እንግዲህ ጣውላ የሚያበላሽ፣ ያውም የማይድን ውሻ ምን እንደሚጠብቀው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የቡሩሽ ቁስል ይድናል፣ ሻለቃ ግን ከሞተ ሞተ አለች በልቧ። እንዲህ አድርጋ መረጠች።

ሐኪሟ በነጻ የሰጠቻትን ክኒን ዳቦ ውስጥ እየደበቀች ታበላው ጀመር። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ጣውላዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች። አንዳንድ ቀን ሻለቃ ደህና ይውላል፤ ጅራቱን ይቆላል፣ ከሰጋቱራው ክምር ላይ ድመት ያባርራል፣ እሷም ሐኪሟ ተሳስታ ይሆናል እስከማለት ትደርሳለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየዞረ ያጎነብሳል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ያኔ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን ከማሸት ሌላ የምታደርገው ይጠፋታል። ጥሬ እንጨት ያገኘውን ስለሚጠጣ ሁሉንም ጠብታ ማጥፋት አልቻለችም። ያመለጣትን አባቷ ያገኘዋል። ባገኘ ቁጥር ቡሩሽ ይመታል።

ዱላውን ስታይ ነገ እናገራለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ሻለቃ እጇን ይልሳታል፤ አፏ ይተሳሰራል። ከዱላው የባሰባት ግን ቡሩሽ ራሱን መጠርጠር መጀመሩ ነው። መጀመሪያ የቀለም ጣሳዎቹን በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጀመረ። ቀጥሎ የሚቀባባቸውን ብሩሾች ቤት እየወሰደ አልጋው ሥር ያስቀምጥ ጀመር። አንድ ቀን ምሳ እየበሉ እጁን ዘርግቶ ትክ ብሎ አየው።

«እጄ ይንቀጠቀጣል እንዴ? እስቲ እዪልኝ።»

እጁ ንቅንቅ አላለም። «እኔ እንጃ» አለችው። ይህችን «እኔ እንጃ» ከአፏ ከወጣች በኋላ ራሷን እስክትጠላ ድረስ ጠላቻት። ቡሩሽ እጁን አጥፎ ኪሱ ከተተና ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያለቀ ቁም ሳጥን ሊወስድ ደንበኛ መኪና ይዞ መጣ። የታችኛው በር ላይ ከዳር እስከ ዳር ደረቅ ቀይ ፍንጣቂ ነበር። ደንበኛው አየው፣ በጣቱ ነካው፣ ይሄንን ለገዛ ቤትህ አድርገው ብሎ ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ። አባቷ እስከ መንገድ ተከትሎ ሲለምነው ቆየ። ሲመለስ የብረት በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ምስማር ልቧ የወረደው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም አባቷ አልጮኸም።

ቀጥ ብሎ ሄዶ የቡሩሽን ዓይን በቡጢ መታው። የቡሩሽ ጭንቅላት የመሥሪያ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተላተመ። አባቷ በኮሌታው አንቆ አነሳውና አፉ ላይ ደገመው፣ ሠለሰው። ደም በአገጩ ወርዶ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ቡሩሽ በዚያን ቀን ጭንቅላቱን አልሸፈነም። እጁ ጠረጴዛው ላይ ሲዳብስ መሮ አገኘና ጨበጠ።

«ና» አለ አባቷ። «ወንድ ከሆንክ ና።»

መሮው ጠዋት ነው የተሳለው። ምስማር አንዱ ሊወጋ፣ ሌላው ሊገድል መሆኑን አየች።

«ደም ነው» አለች። የሰማት የለም። እንደገና ጮኸች፤ «ደም ነው! ቀለም አይደለም፣ የሻለቃ ደም ነው። ካንሰር ይዞታል። እኔ አውቅ ነበር።»

ሁለቱም ዞሩ። አባቷ ቁም ሳጥኑን አየ፣ ጣውላዎቹን አየ፣ ከዚያ ጥግ ወዳለው ውሻ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁ ይዝል ነበር። እሱን ግን መሳሳቱ ነው ይበልጥ ያበገነው፤ ፌሮውን አነሳ። ሻለቃ ብረቱን ሲያይ ለመሸሽም አልሞከረም፤ ሰንሰለቱም አያደርሰውም። አንገቱን ደፍቶ ተኛ። ከሥሩ ሰጋቱራው ቀስ እያለ ቀላ። ሦስቱም እያዩት ቀላ።

ፌሮው የውሻው ጎን ላይ አረፈ። ሻለቃ ምስማር ከዚያ በፊት ሰምታው የማታውቀው የልጅ የመሰለ ጩኸት አወጣ። ፌሮው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ ግን አልወረደም። ቡሩሽ መሮውን ጥሎ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞታል። አባቷ በክርኑ ፊቱን ደቃው፣ በግንባሩ መታው፣ በጉልበቱ ሆዱን ገጨው። የጣውላው ክምር ተንዶ በላያቸው ወደቀ። ቡሩሽ አንዴም አልመታም፤ የያዘውን ብረት ብቻ አልለቅ አለ። አባቷ እስኪያለከልክ ድረስ አልለቀቀም።

በመጨረሻ አባቷ ራሱ ተወው። ነገ ውሻውን እዚህ ግቢ ውስጥ ባየው ከሁለት አንዳችሁን አብሬ እቀብራለሁ አለና መቀርቀሪያውን ስቦ ወጣ። ቡሩሽ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ታጠበ። ውሃው ሲቀላ ደፍቶ ሌላ ቀዳ።

«ካወቅሽ ቆየሽ?» አላት ጀርባውን እንደሰጣት።

«አዎ።»

«እያወቅሽ ስመታ ታዪ ነበር?»

ምስማር ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ ለዚህ ሁሉ አነሰባት። ቡሩሽ የጣውላ ማመላለሻ ጋሪው ላይ ጆንያ አነጠፈ፣ ሻለቃን አቅፎ አስተኛው፣ መግፋት ጀመረ። እሷ እያለቀሰች ከጎን ከጎኑ ተከተለች። ሂጂ አላላትም።

ሐኪሟ ሻለቃን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ጎድኑን አንድ በአንድ ነካካች። አልተሰበረም አለች። በአልትራሳውንድ ካየችው በኋላ እብጠቱ ብዙም እንዳላደገ፣ ክኒኑም እየሠራለት እንደሆነ ነገረቻቸው። መብላቱን ካላቆመ ደህና የሚባሉ ወራት ሊያገኝ ይችላል። ግን ሽንቱን አምቆ መዋል ማደር የለበትም። በመጣበት ሰዓት፣ በመጣበት ቦታ መሽናት አለበት፤ ስለሸናም የሚቆጣው ሰው መኖር የለበትም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ቦታ አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ከሌለ በስቃይ ከሚቆይ ዛሬውኑ በመርፌ በሰላም ማሳረፉ ይሻለዋል፤ እሱንም እሷው ታደርግላቸዋለች።

«አለው» አለ ቡሩሽ ቶሎ ብሎ።

ሐኪሟ እስከዚያ ውሻውን ነበር የምታየው። አሁን ቀና ብላ እሱን አየችው። አንድ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ተከድኗል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

«ፊትህን ምን ሆነህ ነው?»

«ጣውላ ወደቀብኝ።»

«ውሻውም ላይ?»

«እሱም ላይ።»

ቡሩሽ በደህናው ዓይኑ ምስማርን ገረመማት፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም ማለት ደግሞ ትችልበታለች። ዝም ካለች ሻለቃን ይዘው ይወጣሉ፣ የሆነ ቦታ ይደብቁታል፣ ነገ ከነገ ወዲያ እያሉ አባታቸው እስኪያገኘው ድረስ ይኖራሉ። ሻለቃ ምላሱን አውጥቶ የቡሩሽን አውራ ጣት ይልሳል። ምስማር ጣቱን አየችው። ጥፍሩ ተገንጥሏል፤ ብረቱን ሲይዝ ይሆናል።

«ጣውላ አይደለም» አለች። «አባታችን ነው የመታው። ዛሬ ብቻም አይደለም። ዶክተር፣ እቤታችንም ቦታ የለም፤ ለሻለቃም፣ ለእሱም።»

«አንቺ ልጅ!» አለ ቡሩሽ።

ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ወደ ቤቱ የሚወስዳቸው ትልቅ ሰው፣ የቅርብ ዘመድ እንዳላቸው ጠየቀች። ምስማር «የእናታችን እህት አለች» አለች። የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው ቤቷ፣ ግቢ አላት። አባታቸው እናታቸው ከሞተች ወዲህ እዚያ ድርሽ እንዳይሉ ከልክሏቸዋል፤ ቁጥሯንም ከስልኮቻቸው ላይ አጥፍቶታል።

«ታዲያ በምን እናገኛታለን?»

ምስማር ቁጥሩን ከመጥፋቱ በፊት በቃሏ ይዛዋለች። ሐኪሟ ስልኳን አወጣች፤ ምስማር ዓይኗን ጨፍና ቁጥሩን አንድ በአንድ ትላት ጀመር። ቡሩሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስትደርስ ሰባት አለች።

«ሰባት አይደለም» አለ ቡሩሽ፣ ሳይዞር። «ሁለት ነው።»