ትርንጎ ጠፋች

እኔ መቼም የመንፈስና የምትሀት ወሬ ሲነሳ ቦርሳቸውን አንስተው ከሚሄዱት ወገን ነኝ። ጎጃም ተወልጄ፣ ያውም «እናንተ አገር ደብተራ በየጓሮው ነው» እየተባልኩ ስንት ተቀልዶብኝ፣ አንድም ቀን ከልቤ አምኜ አላውቅም፣ እናቴ ክታብ ልሰርልሽ ስትለኝ እንኳ «እማዬ፣ እሱን ለዶሮዎችሽ እሰሪላቸው» እያልኩ የማሾፍ ልጅ ነበርኩ። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ ከማንም በፊት የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እመኑኝ። ግን ሆነ፣ በራሴ ላይ ሆነ፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል።

የማኔጅመንት ትምህርት ክፍል አስተማሪ ነኝ፣ የሰው ሀብት አስተዳደር ነው የማስተምረው፣ ሠራተኛ እንዴት እንደሚቀጠር፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሲጎድል ደግሞ በማን እንደሚተካ። ክፍላችን ትንሽ ነው፣ ሰዉም ደግ ነው፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የማማቸው እንዳይመስላችሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ሲል ሁሉም ከየቢሮው ወጥቶ እንደ እናት አዴ የምንላቸው ጸሐፊያችን አዴ ጫልቱ ክፍል ይሰበሰባል፣ ትልቁ ፔርሙስ ይከፈታል፣ አንዱ ቆሎ ያመጣል፣ ሌላው ከቤቱ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ጨዋታ ነው።

ጨዋታው ታዲያ በኦሮምኛ ነው። እኔ ስገባ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ታኢ!» ብለው እንድቀመጥ ይጋብዙኛል፣ ለእኔ ሲሉም ወደ አማርኛ ይዞራሉ፣ ትንሽ ይሄዱበታል፣ ቀልዱ መጣፈጥ ሲጀምር ግን ሳያውቁት ወደ ራሳቸው ቋንቋ ይመለሳሉ። ምን ይፈረድባቸዋል? እኔም በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሆኜ ሰው ሲስቅ አብሬ ፈገግ እላለሁ፣ ሻዬን ጨርሼ «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜ እወጣለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት። «ጭምቷ» ይሉኛል። ኧረ ጭምት አይደለሁም! አገሬ ብታገኙኝ እኔን ዝም የሚያሰኝ አልተፈጠረም፣ ግን ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ፣ እኔም ዝም ማለትን ለመድኩት።

ይህ ክፍል አንድ የማያጓድለው ልማድ አለው። ሰው ከሥራ ከቀረ አይደወልለትም፣ ምን ሆነህ አይባልም፣ የዚያኑ ቀን ማምሻውን ሙዝና ለስላሳ ይገዛና ሁሉም ሰርቪሱ ላይ ተሳፍሮ የቀረውን ሰው ቤት ይወርራል። ቶለሳ የሚባል ቀልደኛ ባልደረባ አለን፣ አንዴ ጥርሱን አሞት ቢቀር፣ ጉንጩ አብጦ አፉን መክፈት አቅቶት ሳለ ቤቱን ሞልተን እስኪመሽ አስቀን አሰቃየነው። አባቱ ያረፉ ጊዜም ዲጋ ድረስ ሄደን አብረነው አድረናል፣ እኔም አድሬያለሁ፣ ጥግ ይዤ።

ወባ የያዘችኝ እንግዲህ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ክሊኒክ ሄጄ ኪኒን ተሰጠኝና ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። አከራዬ ልጃቸው ወልዳ ኡኬ ከተማ ሊያርሷት ሄደዋል፣ ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና ቡቺ ብቻ ነን። ቡቺ ውሻው ነው፣ ከአከራዬና ከእኔ በቀር ሰው ባየ ቁጥር ሰንሰለቱን ሊበጥስ የሚደርስ ኃይለኛ ውሻ።

ለምን አልደወልሽም በሉኛ። እልህ ነዋ! ለሌላው ሳይደወል ይኬድ የለም እንዴ? እኔስ ብቀር ጎደለች የሚለኝ ሰው አለ ወይስ የለም? ይህን ማወቅ ፈለግሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁና ከወባው ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ፋታ ሲሰጠኝ ተነስቼ ቤቴን ጠረግሁ፣ ብርጭቆዎቼን አጠብሁ፣ የአከራዬን የፕላስቲክ ወንበሮች አንድ በአንድ ጎትቼ በረንዳዬ ላይ ደረደርኳቸው። ከዚያ ጋቢዬን ተከናንቤ ጠያቂዎቼን መጠበቅ ጀመርኩ።

ዝናቡ ወርዶ ወርዶ አባራ፣ ከቆርቆሮው ላይ ጠብታ ብቻ ሲቀር፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከግቢው በር በኩል «ትርንጎ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሴት ድምፅ ነው፣ ለስለስ ያለ። እናቴ «ሲመሻሽ የጠራሽን ሳታዪ አቤት አትበይ» ትል ነበር፣ እኔ ግን በዚያን ሰዓት የእናቴ ምክር የት ትዝ ብሎኝ፣ መጡልኝ ብዬ ልቤ ዘለለ፣ «አቤት! ግቡ፣ ግቡ፣ ክፍት ነው!» አልኩ። ማንም አልገባም። ተነስቼ ብወጣ ሰው የለም። ቡቺ ብቻ ወደ በሩ እያየ ጭራውን ይቆላል።

በማግስቱም ቀረሁ። ረፋዱ ላይ አንድ ተማሪዬ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ለዛሬው ክላስ ላመሰግንሽ ነው፣ እንዲህ እየሳቅን ተምረን አናውቅም፣ ዕድሜ ይስጥሽ።»

«ተሳስተሃል፣ እኔ ዛሬ አላስተማርኩም፣ ትርንጎ ነኝ እኮ» አልኩት።

«ቲቸር ደግሞ! ዛሬስ ቀልድሽ አላልቅ አለ» ብሎ እየሳቀ ዘጋው።

ልጁ ከሌላ አስተማሪ ጋር አምታቶኛል ብዬ ተውኩት። ለቡቺ የሚበላ ልስጠው ብዬ ብወጣ ደግሞ ሳህኑ ሞልቷል፣ በልቶም ጠግቦ ተኝቷል፣ ጎረቤት በአጥር አሳልፎ ሰጥቶት ይሆናል አልኩ። ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም። ያን ቀንም አመሸሁ፣ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፣ የመጣ ሰው የለም፣ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ፣ እንደ ልጅ ብርድ ልብሴን ነክሼ አለቀስኩ።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ሰርቪሱ ከአስፋልቱ ዳር ሲቆም ሰማሁ። የመኪናው በር ተከፈተ፣ ሳቅ ተሰማ፣ ብዙ ሰው «ነጋቲ! ነጋቲ!» ብሎ ተሰናበተ፣ አንዲት ሴትም እየሳቀች «ነጋቲ!» ብላ መለሰች። ከዚያ እርምጃ። የግቢያችን በር ከፍ አድርገው ካላነሱት አይከፈትም፣ ይህን የምናውቀው እኔና አከራዬ ነን፣ ይኸው ከፍ ተደርጎ ተነሳና ተከፈተ። ቡቺ አልጮኸም፣ ለእኔ ብቻ የሚያሰማትን ያቺን የማላዘን ድምፅ አሰማ። ጃንጥላ ተራገፈ፣ እኔ እንደማራግፈው ሁለት ጊዜ። ጫማ ደረጃው ላይ ተፈተገ። ከዚያም አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ሲጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው፣ «እፎይ» የሚል ትንፋሽም ሰማሁ። ወገኖቼ፣ ያ እፎይታ የእኔ ነው፣ ሰው የራሱን ድምፅ አያጣውም።

«ማነው?» አልኩ።

ወንበሩ እንደገና ሲጥ አለ፣ ዞር ብሎ ወደ በሬ እንደሚያይ ሰው። እኔም ተነስቼ አልከፈትኩም፣ ጋቢዬን ጭንቅላቴ ላይ ጥዬ የማውቀውን ዳዊት ሁሉ ስደግም እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት በሩን ስከፍት አንዷ ወንበር ከሰልፉ ወጥታ ፊቷን ወደ እኔ በር አዙራለች፣ ጃንጥላዬ ርጥብ ነው፣ ከተኛሁ ጀምሮ ከበረንዳው ያልተነሳው ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ለብሷል።

ደርቄ ቀረሁ። ግን ታውቁኝ የለ፣ እኔ ፍርሃቴን በቁጣ ነው የምሸፍነው። ታጥቤ፣ ለብሼ፣ ቀጥ ብዬ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄድኩ፣ «ሰው ሞቶ ቢሸት እንኳ አትመጡም» ልላቸው መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር። የሻይ ሰዓት ላይ የአዴ ጫልቱን በር ከፍቼ ገና አንድ እግሬን ሳስገባ ቶለሳ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ትርንጎ ጠፋች! ማን አይቷታል?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ያስገባሁትን እግሬን መልሼ አወጣሁት።

ለምን እንዳወጣሁት ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ ጎተራ ሥር እንቅልፍ ጥሎኝ ጠፋች ተብሎ መንደሩ ሁሉ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። እኔ በጩኸቱ ነቅቼ ስወጣ ሰው ሁሉ በጨለማው «ትርንጎ! ትርንጎ!» ይላል፣ እኔም ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ከኋላቸው ተከትዬ፣ እንደነሱ እየጮህኩ፣ «ትርንጎ!» እያልኩ ራሴን ስፈልግ አመሸሁ። ከእናቴና ከእኔ በቀር ይህን የሚያስታውስ የለም፣ ነቀምቴ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

«ይህን ማን ነገረህ?» አልኩት ቶለሳን።

«አንቺው ነሻ! ትናንት እዚሁ ተቀምጠሽ፣ በሳቅ ልትገድይን!»

«አታድርቂን እንጂ» አሉ አዴ ጫልቱ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ለመሆኑ ይህን ሁሉ ኦሮምኛ ሦስት ዓመት የት ደብቀሽው ነው? እንደ ዲጋ ልጅ ነው እኮ የምታወሪው! ነይ፣ ቦታሽ ይኸው።» ቦታዬ ያሉት በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር አልነበረም፣ መሀል ላይ፣ በእሳቸውና በቶለሳ መካከል ነው።

«ታምሜ ነበር እኮ፣ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም» አልኩ። ይህንንም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ተቀመጥኩ፣ ምን ላድርግ? መሀል ተቀምጬ አላውቅም፣ የሰው ትከሻ ሲነካኝ ሙቀቱ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቶለሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፣ መልሴን እየጠበቁ፣ ፊታቸው ከአሁኑ ሊስቅ ተዘጋጅቷል። አልገባኝም። ፈገግ አልኩ። ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝና ቀስ በቀስ ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

ሲበተኑ አዴ ጫልቱን ብቻቸውን ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጥሪውን፣ ወንበሩን፣ ጫማውን። እጄን ይዘው አዳመጡኝ፣ የወባ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል አሉ፣ ጸለዩልኝም። ከጨረሱ በኋላ ግን እጄን አልለቀቁም።

«ግን ልጄ፣ ትናንት ስትወጪ ስመሽኝ ነው የሄድሽ። ጉንጭሽ በረዶ ነበር። ዝናቡ ነው ብዬ ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም፣ አሞኝም እሄዳለሁ፣ የክፍሉ ኃላፊ በስብሰባ ላይ «እንደ ትርንጎ ሁኑ» ብሎ አመስግኖኛል፣ ሳቄ መጣ፣ የትኛዋን ትርንጎ ማለቱ ይሆን? ያቺን ለመሆን ሞከርኩ፣ አልዋሽም፣ የጎተራውን ወሬ በራሴ አፍ ደግሜ ነገርኳቸው፣ በአክብሮት ሳቁልኝ፣ ለእንግዳ እንደሚሳቀው። ኦሮምኛም እየተማርኩ ነው፣ ግን ቀልዱ ሳይገባኝ ያልፋል። ሳላውቀው ወደ በሩ ወንበር ተመለስኩ፣ ተነሺ ያለኝም አልነበረም።

ትናንት አዴ ጫልቱ ሻይ ሲቀዱልኝ ቀና ብለው አዩኝ። «ትርንጎ ኮ፣ ትርንጎዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሲ ያድኔ እኮ፣ በጣም ናፍቀሽናል» አሉኝ።

«እዚሁ ነኝ እኮ አዴ» አልኩ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉና ፔርሙሱን መክደን ጀመሩ። ቶለሳ አቀረቀረ። ሁሉም ብርጭቆ ብርጭቆውን ያያል። ሦስት ዓመት ሙሉ ናፈቅሽን እንዲሉኝ ስመኝ ኖሬ፣ ሲሉኝ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፣ እንዲህ ያለ ብቸኝነት ደግሞ በሕይወቴ አላውቅም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አጠብኩ፣ ወለወልኩና በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ጃንጥላዬንም አጠገቡ አቆምኩ። አንዷን ወንበር ፊቷን ወደ በሬ አዞርኩ። አላመመኝም፣ ትኩሳትም የለኝም፣ ይህን እወቁልኝ። ሲመሻሽ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ያኔ ልጅ ሆኜ እንደጠራሁት፣ «ትርንጎ!» ብዬ ተጣራሁ፣ መልሱን ሳልጠብቅ ዘጋሁት።

ጠዋት ስነሳ ጫማዬም ጃንጥላዬም የሉም። ቡቺ በልቶ ተኝቷል። ይኸው ይህን የምጽፍላችሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፣ ስልኬ አጠገቤ ነው፣ ለቀረ ሰው እንደማይደወል ባውቅም ሙሉ ቻርጅ አለው። አራት ሰዓት ሆኗል፣ የሻይ ሰዓት ነው፣ እስካሁን የት ጠፋሽ ብሎ የደወለልኝ የለም።